በአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት አስተዳደር ውስጥ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሠርግ ላይም፣ ኢንቦክስም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም የሚደርሱኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አትሌቲክ ዲፓርትመንት» ማለት የሩጫ ክፍል ነው?

አይደለም። ግራ የሚያጋባን የራሳችን ቋንቋ ነው። እኛ አትሌቲክስ ሲባል ኃይሌ፣ ደራርቱና ቀነኒሳ ናቸው ትዝ የሚሉን። አሜሪካኖቹ ግን ኮሌጁ በስሙ የሚያሰልፋቸውን ቡድኖች በሙሉ ማለታቸው ነው። የአሜሪካ ፉትቦል፣ ቅርጫት ኳስ፣ መረብ ኳስ፣ ዋና፣ ቴኒስ፣ እኛ «ኳስ» የምንለው ሶከር፣ ሩጫም ጭምር። እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነው አትሌቲክ ዲፓርትመንት የሚባለው። አለቃው አትሌቲክ ዳይሬክተር ነው፤ በአጭሩ «ኤዲ» ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ ተጠሪነቱ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነው።

ስፖርት ሳይንስ ከሚያስተምረው የትምህርት ክፍልም ጋር አንድ አይደለም። አክስቴ እስከ ዛሬ «አሰልጣኙ መጣ» ነው የምትለኝ። በሕይወቴ ፊሽካ ነፍቼ አላውቅም።

ኤንሲኤኤ፣ ዲቪዥን ምናምን የሚሉት ምንድን ነው?

ኤንሲኤኤ የኮሌጅ ስፖርትን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ነው። የተመሠረተው 1906 ነው። ዋና ቢሮው ኢንዲያናፖሊስ ይገኛል። 1,100 ገደማ ኮሌጆችን አቅፏል፤ በሥራቸው ከ500,000 በላይ ተጫዋቾች አሉ። ከ1973 ጀምሮ አባላቱ በሦስት ዲቪዥን ተከፍለዋል። ዲቪዥን 1 ቴሌቪዥን ላይ የምታዩት ነው። ዲቪዥን 3 በአባላት ብዛት ትልቁ ነው፤ ለተጫዋች በስፖርት ችሎታው ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ከኤንሲኤኤ ውጪም ኤንኤአይኤ የሚባል የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር አለ። የሁለት ዓመት ኮሌጆች ደግሞ ኤንጄሲኤኤ የሚባል የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

ለሥራ ፈላጊ ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ትልቅ ዲቪዥን 1 ትምህርት ቤት በመቶ የሚቆጠር የቢሮ ሠራተኛ አለው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይሠራል። ዲቪዥን 3 ላይ ያው ሰው ድረ ገጹን ያድሳል፣ አውቶቡስ ይይዛል፣ ማታ የሜዳውን መብራት ያጠፋል።

ከአሰልጣኝ ሌላ ምን ሥራ አለ?

ከጀርባ ያለው ቢሮ እንደ ማንኛውም መካከለኛ ድርጅት ነው። ሒሳብ ክፍል አለ። ትኬት ሻጮች አሉ። ከለጋሾች ገንዘብ የሚያሰባስቡት «ዲቨሎፕመንት» ይባላሉ፤ ስሙን ሰምታችሁ የግንባታ ክፍል እንዳይመስላችሁ። ጨዋታ የሚያሰናዱ አሉ። ዜና የሚጽፉና ቁጥር የሚመዘግቡ አሉ። ስፖንሰር የሚያመጡ፣ የተጫዋቾቹን ትምህርት የሚከታተሉ፣ ትጥቅ የሚያጥቡና የሚያከፋፍሉ አሉ። ደንብ የሚያስከብረው ደግሞ «ኮምፕላያንስ» ነው፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

ማዕረጎቹ ያሳስታሉ። «አሲስታንት ዳይሬክተር» እና «አሲስታንት ኤዲ» ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ፣ ሁለትና ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። ሁለተኛው ከሥሩ ሰው የሚያስተዳድር ኃላፊ ነው። ከሱ በላይ አሶሺየት ኤዲ፣ ከዚያ ዴፑቲ ኤዲ ይመጣል። ከሁሉም በታች ኮኦርዲኔተር አለ። ሁላችንም የምንጀምረው እዚያ ነው።

ስፖርት ተጫውቼ አላውቅም። ይቀበሉኛል?

ይቀበላሉ። በኮሌጅ የተጫወተ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ የተጫዋቹን ውሎ ያውቃል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ሕክምና፣ ከዚያ ጥናት። ያንን በሥራ ላይ በአንድ ዓመት ትማሩታላችሁ። ኤክሴል የማይችል ሰው ግን በጀት ሲዘጋ ለማንም አይጠቅምም።

እንዲያውም ስፖርት አብዝቶ የሚወድ ሰው ሲመጣ ትንሽ እፈራለሁ። ጨዋታ ለማየት ነው የመጣው። እኛ ደግሞ ጨዋታ አናይም። ሕዝቡ ጮሆ ሲነሳ ጀርባችንን ለሜዳው ሰጥተን የመጋዘን ቁልፍ እየፈለግን ነው።

ምን ልማር? ማስተርስ የግድ ነው?

በዚህ ሙያ የመጀመሪያውን የማስተርስ ፕሮግራም የከፈተው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ 1966 ላይ። ሐሳቡን ያነሳው የዶጀርስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ነበር። ቡድን የሚመራ ሰው የት ይሠለጥናል ብሎ ፕሮፌሰር ጄምስ ሜሰንን ጠየቀ። ዛሬ ስፖርት ማኔጅመንት የማያስተምር ዩኒቨርሲቲ መፈለግ ይቀላል። ችግሩም እሱ ነው። ተመራቂው ከክፍት ሥራው በላይ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁን ሌላ ቦታም በሚያበላ ነገር ያዙ። አካውንቲንግ፣ ጋዜጠኝነት፣ ቢዝነስ፣ ስታቲስቲክስ። ማስተርሱ ብዙ ማስታወቂያ ላይ «ቢኖር ይመረጣል» ይባላል፤ ከፍ ላለ ቦታ ደግሞ በተግባር ይጠበቃል። ግን ከኪሳችሁ አትክፈሉ። «ጂኤ» የሚባል ነገር አለ፤ ግራጁዌት አሲስታንት ማለት ነው። ዲፓርትመንቱ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ገደማ ትሠራላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያችሁን ይሸፍናል፤ ትንሽ የኪስ ገንዘብም ይጨምራል። ብድር ገብቶ ይህን ማስተርስ መማር ለኔ አይዋጥልኝም። ኮምፕላያንስ የምታስቡ ሕግ ብትማሩ አይከፋም፤ በዚያ ክፍል ጠበቆች ሞልተዋል።

ገና ተማሪ ነኝ። ዛሬ ምን ላድርግ?

የራሳችሁ ትምህርት ቤት ድረ ገጽ ላይ «ስታፍ ዳይሬክተሪ» የሚለውን ክፈቱ። የጨዋታ ዝግጅት ኃላፊውን ፈልጉ። አጭር ኢሜይል ጻፉ፤ «ስፖርት ነፍሴ ነው» አትበሉ፤ እሱን ሁሉም ይላል። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነፃ ነኝ፤ ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» በሉ። ሰዓት ጽፎ የሚመጣ ተማሪ ብርቅ ነው። ብዙዎቹ በሰዓት ይከፍላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ አካባቢ ከተማ እየቀያየረ ውድድር ያዘጋጃል። ሁላችንም የምንሄደው ለክትፎውና ለናፍቆቱ ነው። ግን አስቡት፤ በርካታ ቡድኖች፣ የሜዳ ድልድል፣ የሻጮች ድንኳን፣ ፓርኪንግ፣ ጥበቃ። እዚያ አንድ ሳምንት በፈቃደኝነት ሠርታችሁ ሬዙሜያችሁ ላይ በደንብ ከጻፋችሁት የጨዋታ ዝግጅት ልምድ ነው። «ኮሚኒቲ ቮለንቲር» ብላችሁ እንዳታልፉት። ስንት ሰው እንዳስተናገዳችሁ፣ ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከላችሁት ጻፉ።

የጨዋታ ቀን ሥራ በእርግጥ ምን ይመስላል?

ሥራው የሚጀምረው ጨዋታው ሊጀመር አራትና አምስት ሰዓት ሲቀረው ነው። ወንበር ይዘረጋል። የዳኞች ክፍል ውስጥ ውኃና ፎጣ ይቀመጣል። የሰዓት ሰሌዳው ይሞከራል። የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ የት እንደሚቆም ለሹፌሩ ይነገራል። መዝሙሩን የምትዘምረው ልጅ ማይክ ይሠራ እንደሁ ይታያል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ያልታሰበውን መጠበቅ ነው።

አንድ የኤፕሪል ቅዳሜ የላክሮስ ጨዋታ ነበረን። ላክሮስ በእንጨት ጫፍ ባለች መረብ ኳስ የሚቀባበሉበት ነው። ሦስተኛው ሩብ ላይ ስልኬ ነዘረ፤ መብረቅ ከ8 ማይል ወዲህ ወድቋል። መመሪያው ግልጽ ነው፦ ሁሉም ሰው ከሜዳ ይወጣል፤ ከመጨረሻው መብረቅ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለስም። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ አለ። ወላጆቹ እንደ ቀልድ አዩኝ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ከጠበቅን በኋላ ሌላ መብረቅ መጣ፤ ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ ተጀመረ። አንድ አባት ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ «የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የእንግዳው ቡድን አውቶቡስ ሹፌር ቀስ ብሎ ቀረበኝ። የመንገደኛ አውቶቡስ ሹፌር በሥራ ላይ 15 ሰዓት ከሞላው በሕግ ማሽከርከር አይችልም። ሰውየው ከንጋት ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ጨዋታው ቢቀጥል ቡድኑ እኛው ጋ ሊያድር ነው። ስለዚህ በአንድ እጄ የመብረቁን ሰዓት፣ በሌላው የሆቴል ስልክ ይዤ፣ ሁለት አሰልጣኞች ዳርና ዳር ቆመው እያፈጠጡብኝ ነበር። በኋላ ተተኪ ሹፌር ተገኘ፤ ጨዋታውም ተጨረሰ። ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም።

ኮምፕላያንስ ምንድን ነው? ሁሉም የሚፈራቸው ለምንድን ነው?

ደንብ አስከባሪዎቹ ናቸው። ተጫዋቹ ለመጫወት ብቁ ነው ወይ፣ አሰልጣኙ ለመመልመል በተፈቀደለት ጊዜ ነው ወይ የደወለው፣ ምሳ ማን ከፈለ፣ ሁሉም እነሱ ጋ ያልፋል። አንድ ምሳሌ፦ በውድድር ወቅት ዲቪዥን 1 ተጫዋች በስፖርቱ ላይ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲያሳልፍ አይፈቀድም፤ በሳምንትም አንድ ቀን እረፍት አለው። ታዲያ አንድ ጨዋታ ምንም ያህል ጊዜ ቢወስድ እንደ 3 ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ቤዝቦል 5 ሰዓት ቢፈጅም 3 ነው። የኮምፕላያንስ ሰው ቀኑን የሚያሳልፈው እንዲህ ያለውን ሲያሰላና ለአሰልጣኝ ሲያስረዳ ነው።

የሚፈሩት «አይቻልም» ስለሚሉ ነው። ጎበዞቹ ግን «አይቻልም» ብለው አያቆሙም፤ «እንዲህ ብታደርገው ግን ይቻላል» ይላሉ። ለዝርዝር ትዕግሥት ያለው፣ ከሰው ጋር የማይጋጭ ልጅ ካላችሁ እዚህ ላኩት። እንደ ጨዋታ ዝግጅት ቅዳሜና እሑዱን ሁሉ አይበላም።

ቶሎ የሚያድገው በየትኛው ክፍል ያለ ሰው ነው?

ገንዘብ የሚያመጣው። ኤዲ ሲቀጠር ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት አሰባስበሃል?» ነው። አብዛኛው የኮሌጅ ስፖርት ክፍል ራሱ ከሚያስገባው በላይ ያወጣል፤ ጉድለቱን ዩኒቨርሲቲው ወይም ከተማሪው የሚሰበሰብ ክፍያ ይሸፍነዋል። ብዙ ቦታ የሚያተርፉት ፉትቦልና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለጋሽ ቤት ቡና ጠጥቶ የስታዲየም ክንፍ የሚያሠራ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ሰው ወደ ላይ ይወጣል።

የኛ ልጆች ይህን ክፍል ይሸሹታል። ሰውን ገንዘብ መጠየቅ ያሳፍረናል። ነውር ይመስለናል። ግን ዕቁብና ዕድር ሲሰበሰብ ያየ፣ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጨረታ ሲመራ ያደገ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል። ጨረታ ላይ አንዲት ድፎ ዳቦ በስንት ሺህ ዶላር እንደምትሸጥ አይተናል።

ደመወዙስ?

መግቢያው ላይ ትንሽ ነው። ለጀማሪ ኮኦርዲኔተር በሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው በዓመት ከ40,000 እስከ 50,000 ዶላር ነው። ዲሲ ዙሪያ ባሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ለብቻ ቤት ተከራይቶ በዚህ መኖር ዘበት ነው፤ ሩምሜት ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ደግሞ የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ኤዲዎች በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛሉ። መሐል ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ወላጆች የሚወዱት ነገርም አለ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለሠራተኛው፣ አንዳንዶቹም ለልጁ የትምህርት ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም በነፃ ያስተምራሉ። ይህን ከደመወዙ ጋር ደምራችሁ አስሉት።

ከቃለ መጠይቅ በፊት ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሜሪላንድና ዲሲ ከ2024 ጀምሮ ቀጣሪው የደመወዙን መጠን ማስታወቂያው ላይ እንዲያወጣ በሕግ ያስገድዳሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኤዲ ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው። የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴርም ኢኤዲኤ በሚባል ድረ ገጹ ላይ የእያንዳንዱን ኮሌጅ የስፖርት ገቢና ወጪ ያሳያል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጠያቂው ፊት «የሴቶች ሶከር ወጪያችሁ እንዲህ ነው አይደል?» ስትሉ ፊቱ ሲቀየር ታዩታላችሁ።

ክፍት ሥራ የት ነው የሚገኘው? ዘመድ ያስፈልጋል?

ማስታወቂያዎቹ ኤንሲኤኤ ማርኬት፣ ቲምወርክ ኦንላይንና ሃየርኤድጆብስ ላይ ይወጣሉ። ብዙ ትምህርት ቤት በጀቱን ጁን 30 ስለሚዘጋ ከፀደይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ቅጥሩ ይጠነክራል። ኤንሲኤኤ ራሱም ለአዲስ ተመራቂዎች ኢንዲያናፖሊስ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ አለው፤ ፉክክሩ ከባድ ነው፤ የገባ ሰው ግን አይወድቅም።

ዘመድ ያለው ይጠቀማል፤ አልዋሽም። የቴነሲ ዩኒቨርሲቲው ኤዲ ዳኒ ዋይት አባት ኬቨን ዋይት የኖትር ዳምና የዱክ ዩኒቨርሲቲዎች ኤዲ ነበር። የስፖርት ቤተሰብ የሚባል ነገር አለ። ለኛ ግን ዘመድ የሚሆነው አብሮን ወንበር የተሸከመ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቋሚ ሥራዬን የነገረኝ ከሦስት ዓመት በፊት ዝናብ ላይ አብሮኝ ታርጋ ሲቆጥር የነበረ የፓርኪንግ ልጅ ነው። ናክዳ የሚባለው የኤዲዎች ማኅበር በየዓመቱ ጁን ላይ ትልቅ ጉባኤ አለው። መሄድ ከቻላችሁ ሂዱ፤ ግን መቶ ቢዝነስ ካርድ ከመሰብሰብ ከአራት ሰው ጋር በደንብ አውሩ።

አንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ከተማ ለመቀየር ዝግጁ ሁኑ። «ከዲሲ አልወጣም» ያለ ሰው በዚህ ሙያ ብዙ ይጠብቃል። ዋይኦሚንግ እንጀራ የለም፤ ሥራ ግን አለ።

በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። ተስፋ አለኝ?

አለ፤ ግን ቀን መቁጠር ይጠይቃል። ኤፍ-ዋን ያለው ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ ግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። አትሌቲክ ዲፓርትመንት ግቢ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሩ። ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ የሚባለው የሥራ ፈቃድ 12 ወር ይሰጣችኋል። ስፖርት ማኔጅመንት አብዛኛውን ጊዜ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ትምህርት ተብሎ ስለማይመዘገብ ተጨማሪውን 24 ወር አያስገኝም። ዳታ አናሊቲክስ ወይም ስታቲስቲክስ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ይበልጣል።

ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና ይሄ ነው፦ ዩኒቨርሲቲዎች ኤች-ዋን-ቢ ለሚባለው የሥራ ቪዛ በዕጣው ኮታ አይገደቡም። በማንኛውም ወር ማመልከት ይችላሉ። መጥፎው ዜና፣ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከአሜሪካ ውጪ ላለ ሰው በሚገባ አዲስ ማመልከቻ ላይ የ100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሏል፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ አገር ውስጥ እያላችሁ መጀመር ልዩነት አለው። ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት የግቢያችሁን የውጭ ተማሪዎች ቢሮና ጠበቃ አማክሩ። የፌስቡክ ግሩፕ ጠበቃ አይደለም።

ለተጫዋች መክፈል ተጀምሯል ይባላል። ሥራችንን ምን አደረገው?

ገለበጠው። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቹ በስሙና በምስሉ ከማስታወቂያ ገንዘብ ማግኘት ቻለ፤ «ኤንአይኤል» የሚሉት እሱ ነው። ከዚያ በተጫዋቾች ክፍያ ጉዳይ ኤንሲኤኤ ላይ የቀረበው፣ ግራንት ሃውስ በተባለው ዋናተኛ ስም የሚጠራው ክስ በስምምነት አለቀ፤ ዳኛዋ ጁን 6 ቀን 2025 አጸደቀችው። ለቀድሞ ተጫዋቾች በአሥር ዓመት ውስጥ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይከፈላል። ስምምነቱን የተቀበለ ትምህርት ቤት ደግሞ ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ለሥራ ፈላጊ ሁለት ፊት አለው። አዲስ ወንበሮች ተፈጥረዋል። ትልልቅ ፕሮግራሞች እንደ ፕሮፌሽናል ክለብ «ጄኔራል ማናጀር» ይቀጥራሉ፤ ውል የሚያነብ፣ ክፍያ የሚደለድል ሰው ይፈልጋሉ። በሌላ በኩል ያ ገንዘብ ከሆነ ቦታ መምጣት አለበት። መጀመሪያ የሚታየው ትኬት የማይሸጥባቸው ስፖርቶችና የነሱ ሠራተኞች ላይ ነው። ስፖርት መቁረጥ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስታንፎርድ በጁላይ 2020 ዓ.ም. 11 ስፖርቶችን እዘጋለሁ ብሎ የቀድሞ ተማሪዎቹ ተነሱበት፤ በሜይ 2021 ሐሳቡን ቀየረ።

ከአበሻ ልጅ ጋር የሚያያዝ አንድ ወጥመድም አለ። በኤፍ-ዋን ቪዛ መጥቶ የሚሮጥ ልጅ እንደ አሜሪካዊው ጓደኛው የጫማ ማስታወቂያ እዚህ አገር ቢሠራ ያልተፈቀደ ሥራ ሊባልበት ይችላል። ቢሮ ውስጥ ይህን የሚያውቅና በቋንቋው የሚያስረዳው ሰው ካለ ልጁን ከመባረር ያድነዋል።

ሴት ወይም ስደተኛ ሆኖ ጫፍ መድረስ ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን ያለ ጣጣ አይደለም። ካርላ ዊልያምስ በ2017 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤዲ ስትሆን በታላላቆቹ ኮንፈረንሶች (የኮሌጆች ሊግ ማለት ነው) ቦታውን የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ካንዲስ ሊ በቫንደርቢልት ቅርጫት ኳስ ተጫውታ፣ እዚያው ከታች ጀምራ ሠርታ፣ በ2020 ኤዲ ሆነች። ጥቁር አሜሪካዊው ጂን ስሚዝ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ስፖርት ከ2005 እስከ 2024 በኤዲነት መርቷል። በትምህርት ቤት የፆታ አድልዎን ከከለከለው ከ1972ቱ ታይትል ናይን ሕግ በኋላ የሴቶች ስፖርት ሲሰፋ የአስተዳደር ወንበርም አብሮ ተከፍቷል። ለሴቶች ዊመን ሊደርስ ኢን ስፖርትስ የተባለው ማኅበር ሥልጠናው ጠንካራ ነው።

ስማችሁን አታሳጥሩ። ይህ የኔ አቋም ነው። በስፖርት ቢሮ ውስጥ ለጨዋታ አስተዋዋቂ የሚላክ የስም አነባበብ ዝርዝር አለ፤ ከተጫዋቹ ስም ጎን እንዴት እንደሚጠራ ይጻፋል። ያሬድ ንጉሤ ለኖትር ዳም ሮጦ በ2019 የኤንሲኤኤ የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሲሆን ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠርቷል። ለተጫዋች የሚቻል ለባልደረባም ይቻላል። ኢሜይላችሁ ግርጌ ላይ አነባበቡን ጻፉት፤ በቃ።

ትዳርና ልጅ ይዞ ይሠራል?

ከባድ ነው። ጨዋታ ያለው ሰው ሁሉ ሲያርፍ ነው፤ ማታ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። የምስጋና ቀን ላይ ቅርጫት ኳስ አለ። ፋሲካችን ቤዝቦልና ላክሮስ ላይ ይወድቃል፤ ጾሙን ሲፈቱ እኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የነበርኩበት ዓመት አለ። ሒሳብ፣ ኮምፕላያንስና የትምህርት ክትትል የተሻለ ሰዓት አላቸው። ጨዋታ ዝግጅትና ዜና ክፍል የባሱት ናቸው። ሠርጋችሁን ጁን ወይም ጁላይ ላይ አድርጉት።

ተምሬ ኢትዮጵያ ብመለስ ይጠቅመኛል?

እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም። የኛ ዩኒቨርሲቲዎች ትኬትና የቴሌቪዥን ገቢ ያለው የስፖርት ክፍል የላቸውም። ክለቦቻችንን የያዙት ባንክ፣ ጦር ሠራዊትና ከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክን፣ መቻልን፣ ሐዋሳ ከተማን አስቡ። ግን ክለብ ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ በደጋፊ መዋጮ፣ በማልያ ሽያጭና በስፖንሰር እንዲቆም የሚያስብ ኃላፊ ካገኛችሁ የተማራችሁት ሁሉ ይፈለጋል።

አሰልጣኙ «ይህቺን ሰዓት አስተካክላት» ቢለኝስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሥራ ላይ ያሉ ልጆች ናቸው፤ በስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ይመጣል። አሰልጣኙ ከናንተ ሃያ እጥፍ ይከፈለዋል። ቡድኑ 22 ሰዓት ተለማምዶ መዝገቡ ላይ 20 እንዲሆን ይፈልጋል። ትልቅ ጥፋት አይመስልም።

አታድርጉት። ከመጠን ያለፈ ልምምድ ራሱን ሪፖርት ሲያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ጥፋት ነው፤ ሰዓት ይቀነስና ይታለፋል። የተጭበረበረ መዝገብና ለመርማሪ የተነገረ ውሸት ግን ሌላ ነው። «ሾው ኮዝ» የሚባል ቅጣት አለ፤ ትምህርት ቤቱን ትታችሁ ብትሄዱ እንኳ ይከተላችኋል፤ ቀጣዩ ቀጣሪም በዚያው ፍርሃት ይመልሳችኋል። አሰልጣኙ ጠበቃም ሌላ ሥራም ያገኛል። ኮኦርዲኔተሩ አያገኝም።

ፊት ለፊት መጋጨትም አያስፈልግም። እኔ የምመክራቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሳቅ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ሳትቀይሩ፦ «ኮች፣ እንዳልረሳው በኢሜይል ላክልኝና ከኮምፕላያንስ ጋር አይቼ እመልስልሃለሁ።» እስካሁን ኢሜይሉን የላከ አሰልጣኝ አላጋጠመኝም።